ምን ይሻል? ሐያስያን የዘለሉት ጥያቄ

በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ሂስ ውስጥ ለብዙ ዘመን ሥር የሰደደ አንድ ልማድ አለ። አንድ ልብ ወለድ ታትሞ ሲወጣ ወይም አንድ ተውኔት ለመድረክ ሲበቃ፣ ሐያሲው ብዕሩን አንሥቶ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህ ገጸ ባሕርይ ማንን ይወክላል?» የሚለውን ነው። ባላባቱ የወደቀውን ሥርዓት፣ ተማሪው አዲሱን ትውልድ፣ ገበሬው ጭቁኑን ሕዝብ፣ ሴቲቱ አገርን ይወክላሉ ይባልና እያንዳንዱ በየመደቡ ከተመደበ በኋላ ሂሱ ያልቃል። ገጸ ባሕርዩ ጧት ከመኝታው ሲነሣ ምን አምሮት እንደ ነበረው፣ ማታ ጋደም ሲል ምን ቀርቶበት እንደ ተኛ የሚጠይቅ ግን አይገኝም። ይህ ቀላል ዝንጋታ አይደለም። ሰውን ከተግባሩ ምንጭ ለይቶ ማየት ስለሆነ ሂሱን ብቻ ሳይሆን ድርሰቱንም ያደርቃል፤ ደራሲውም ውሎ አድሮ ለሐያሲው ሚዛን መጻፍ ይለምድና የሚወክል እንጂ የሚሻ ሰው መፍጠር ያቅተዋል።

ይህን ልማድ ያቆዩት ሁለት ጎራዎች ናቸው። ላይ ላዩን ሲታዩ እሳትና ጭድ ይመስላሉ። የመጀመሪያው ከአብነት ትምህርት ቤትና ከገድላት የወረሰውን ሚዛን ይዞ የሚመጣ ነው። በዚህ ጎራ ዘንድ ምኞት የሥጋ ጠባይ ነው፤ ሥጋም ነፍስን ለመጣል የተሰለፈ ጠላት ስለሆነ ጥሩ ድርሰት ማለት ምኞቱን ያሸነፈ ሰው የሚመሰገንበት፣ ምኞቱን የተከተለ የሚቀጣበት ድርሰት ነው። ሁለተኛው ጎራ በ1960ዎቹ ዓመታት ከፍልስፍና መጻሕፍትና ከውይይት ክበቦች የወጣ ነው። ለዚህኛው ሰውን የሚያንቀሳቅሰው የመደብ ጥቅም ነው፤ የግል ምኞት ግን የጠገበ ሰው ጨዋታ፣ በዘመኑ አነጋገር «ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ» ነው። ሁለቱ ጎራዎች በሰማይም በምድርም ጉዳይ ሲጣሉ ኖረዋል። በአንድ ነገር ግን ተስማምተዋል፤ ይኸውም ምኞት ሊገሠጽ እንጂ ሊመረመር የማይገባው ነገር ነው በማለት ነው። ሰባኪውና ካድሬው ጎን ለጎን የተቀመጡበት ብቸኛው ሸንጎ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቋንቋው ራሱ ከሁለቱም የበለጠ ያውቃል። ዛሬ «ፈቃድ» ሲባል ለሰሚው ትዝ የሚለው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የሕንፃ ፈቃድ፣ የመንጃ ፈቃድ ነው። በግዕዝ ግን «ፈቀደ» ማለት ሻ፣ ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው። የጥንቱ ትርጉም «ፈቃደ ሥጋ» እና «ፈቃደ ነፍስ» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ፣ እንዲሁም በአቡነ ዘበሰማያት ጸሎት እንዲሆን በሚለመነው የፈጣሪ ፈቃድ ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። በዕለት ኑሮ ግን የመሻት ስም የነበረው ቃል የሌላ ሰው ይሁንታ ስም ሆኖ ቀርቷል። የ«ፍትወት» ዕጣም ከዚህ የተሻለ አይደለም። በግዕዝ «ፈተወ» ወደደ፣ ተመኘ፣ ጓጓ የሚል ሰፊ ትርጉም ሲኖረው፣ በአማርኛ ወደ አልጋ ጉዳይ ጠብቧል። በአንፃሩ «ፍላጎት» የሚለው ቃል እግር አለው። ፈለግ ዱካ ነው፤ ከብት የጠፋበት ሰው ዱካውን ይከተላል። ፍላጎት በልብ ውስጥ ተጋድሞ የሚቀር ስሜት ሳይሆን ሰውየውን ከቤቱ አስወጥቶ የሚወስድ ነገር መሆኑን ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን «አምሮት» ነው። ነፍሰ ጡር ሴት «አማረኝ» ካለች ባልና ጎረቤት ይሯሯጣሉ። ያማራትን ካላገኘች ጽንሱ ይጎዳል፣ ወይም በገላው ላይ ምልክት ይወጣበታል የሚል እምነት ስላለ፣ ወቅቱ ያልሆነ ፍሬ እንኳ ሳይቀር ይፈለግላታል። መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ይህችው ሴት ከመፅነሷ በፊትም ሆነ ከተገላገለች በኋላ «ምን አማረሽ?» ብሎ የሚጠይቃት ማን ነው? ልማዱ የሴትን ምኞት ያለ ወቀሳ የሚቀበለው ለሌላ ሰው ሲባል፣ ያውም ለዘጠኝ ወር ብቻ ነው። ይህን ልብ ያለ አንባቢ የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ሲከፍት ከምን ዓይነት ቤት እንደሚገባ አስቀድሞ ያውቃል።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ስለ እርሱ ብዙ ተጽፏል፤ ሁለቱም ጎራዎች ደግሞ እንደየልማዳቸው አንብበውታል። ለመጀመሪያው ጎራ በዛብህ ብፅአቱን ያፈረሰ፣ በማፍረሱም የተቀሠፈ ወጣት ነው። ለሁለተኛው ጎራ የድኻ ገበሬ ልጅ ነውና የባላባት ልጅ በማፍቀሩ የፊውዳሉ ሥርዓት የበላው ሰው ነው። በተለይ ሁለተኛው ንባብ እውነት የለበትም ማለት አይቻልም። ዳሩ ግን ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በሬዲዮ ሲተርከው በየቤቱ ሕፃናት ዝም በሉ እየተባሉ፣ ቡና እየቀዘቀዘ፣ ሰዎች ጆሮአቸውን የሰጡት የፊውዳሉን ሥርዓት መውደቅ ለመስማት አልነበረም። ሥርዓቱ ያን ጊዜ ወድቋል። አድማጩ የሚጠብቀው ሁለት ሰዎች የሻቱትን ያገኙ እንደ ሆነ ነበር። ሐያሲው ይህን ጉጉት ያልሠለጠነ ሰው ስሜት አድርጎ ሲያልፈው የድርሰቱን ሞተር ትቶ ቀለሙን ይመረምራል።

የበዛብህን ብፅአት መመልከት ይበቃል። ሁለቱም ጎራዎች ብፅአቱን «ግዴታ» ይሉታል፤ ልዩነታቸው አንደኛው ግዴታውን ሲያከብር ሌላው ማማረሩ ብቻ ነው። ግን ይህ ግዴታ ከየት መጣ? ከሰማይ አልወረደም፤ ከአዋጅም አልተቀዳም። ሐዘን የለመደችው ውድነሽ በጣሙና ባሏ ቦጋለ መብራቱ ያገኙት ልጅ በሕይወት እንዲኖርላቸው ሻቱ። የሻቱትን ለማግኘት ከፈጣሪ ጋር ተዋዋሉ፤ ልጁን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። እንግዲህ ብፅአቱ የምኞት ተቃራኒ አይደለም፤ ራሱ ምኞት ነው። ምናልባትም በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ምኞቶች ሁሉ የበረታው ነው። የእናት መሻት ውል ገባ፤ የውሉን ዕዳ እንዲከፍል የተፈረደበት ግን በውሉ ላይ ያልፈረመው ልጅ ነው። በዛብህ ዲማ ጊዮርጊስ ደርሶ ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር፣ ማስተማሩም ወደ ፍቅር ሲለወጥ፣ በልቡ ውስጥ የሚታገሉት ፍቅርና ሕግ አይደሉም። የአንዲት እናት መሻትና የአንድ ወጣት መሻት ናቸው። አሳዛኝነቱም ከዚህ ይመነጫል፤ ባዶ ሕግ ቢሆን ኖሮ ይጥሰው ነበር፣ የጨካኝ ትእዛዝ ቢሆን ኖሮ ይጠላው ነበር። የእናቱን ፍቅር ግን በምን አንጀቱ ይጠላዋል?

ሐያስያን ይህን አንድ ነጥብ ቢይዙት ኖሮ ብዙ ክርክር ይቀልላቸው ነበር። ግዴታ፣ ልማድ፣ ሥርዓት እየተባለ ከምኞት በላይ የሚሰቀለው ነገር ሁሉ ሲመረመር የአንድ ሰው ወይም የብዙ ሰው የቆየ ምኞት ሆኖ ይገኛል። ባለቤቱ ሲሞት ወይም ሲረሳ ምኞቱ ስሙን ይለውጥና ሕግ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ወጣት ሌላ ነገር በሻ ጊዜ «ምኞትህን ግታ» ይባላል፤ እንዲገታ የሚታዘዘው ግን ለሌላ ምኞት ሲባል ነው። ስለዚህ በምኞትና በግዴታ መካከል የሚፈርድ መስሎት የሚጽፍ ሐያሲ ሳያውቀው ከሁለት ባለ ጉዳዮች የአንዱ ጠበቃ ሆኗል፤ ሁልጊዜም በዕድሜ የገፋው ወገን ጠበቃ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻም ከዚሁ የተለየ ምስክር አይሰጡም። እርሳቸውን «የፊውዳሊዝም ተወካይ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን የእርሳቸው መደብ የነበሩ ባላባቶች በመላ አገሪቱ ሴት ልጆቻቸውን ይድሩ ነበር፤ ያውም በልጅነታቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ግን «አጥንቱ አይመጥናትም» እያሉ ጠያቂዎቿን ሲመልሱ የልጃቸው ዕድሜ አለፈ። መደብ ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ይናገራል እንጂ ለምን እንዳደረገው አይናገርም። ፊታውራሪውን የሚያንቀሳቅሳቸው የክብር ጥም ነው። የአባቶቻቸው ስም በእርሳቸው ላይ እንዲታይ፣ የሚያያቸው ሁሉ ከፍ አድርጎ እንዲያያቸው ይሻሉ። ይህ መሻት ሆዳቸውን አይሞላም፤ ርስታቸውን አያሰፋም። እንዲያውም ጥቅማቸውን ይጎዳል፣ ቤታቸውን ያፈርሳል፣ ዘራቸውን ያቋርጣል። ሰውን የሚነዳው ጥቅሙ ብቻ ነው የሚለው ትምህርት እዚህ ላይ መልስ ሊሰጥ አይችልም፤ ምክንያቱም ፊታውራሪው ከጥቅማቸው ጋር እየተዋጉ የሚኖሩ ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ የሁለተኛው ጎራ ጠበቃ አንድ ብርቱ ጥያቄ ማንሣቱ አይቀርም። ስለ ክብርና ስለ ፍቅር የሚወራው በጠገቡት ዘንድ ነው፤ ገበሬውን ያነሣሣው ግን ረኃብና ግፍ ነው፣ ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የተራበ ሰው እንጀራ የሚሻው መርጦ አይደለም፤ ምኞትን ሁሉ አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው በእንጀራና በማዕረግ መካከል ያለውን ልዩነት ያደባልቃል። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ በአበጀ በለው መሪነት የተነሡት ገበሬዎች እንዴት እንደ ተነሡ ተመልሶ ማንበብ ይጠቅማል። ለዘመናት የኖረውን ግብር ሲከፍሉ ኖረዋል፤ ድህነቱም የትናንት እንግዳ አልነበረም። የተነሡት ከልማዱ ውጭ የሆነ ነገር በተጠየቁ ጊዜ ነው። የተጨመረው ዕቃ ብቻውን አይደለም ያስቆጣቸው፤ እንደ ሰው አለመቆጠራቸው ነው። መናቅን እንቢ ማለት ደግሞ ከእንጀራ የተለየ ሌላ መሻት ነው። ረኃብ ብቻ ያምፅ ቢሆን ኖሮ በ1967 ዓ.ም. የወደቀው መንግሥት ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ይወድቅ ነበር። ብዙ የተራበ ሰው ሳያምፅ ሞቷል።

ጉዱ ካሣስ? ብዙ ሐያስያን ካሣ ዳምጤን የአእምሮ፣ የዕውቀት፣ የአዲስ አሳብ ተወካይ አድርገው ያስቀምጡታል፤ በምኞት ዓለም ውስጥ ብቸኛው አሳቢ እንደ ሆነ አድርገው ያመሰግኑታል። አርስጣጣሊስ ስለ ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ አእምሮ ያለ መሻት ማንንም እንደማያንቀሳቅስ አስተምሯል፤ የካሣ ሕይወትም ለዚህ ትምህርት ጥሩ ማስረጃ ነው። ስለ ሥርዓቱ ብልሹነት የሚናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም እውነቱ በዲማ አንድ ሰው እንኳ ከመቀመጫው አላስነሣም፤ ያተረፈለት «ጉዱ» የሚል ስም ነው። ካሣ በታሪኩ ውስጥ ክብደት የሚያገኘው ለሁለቱ ወጣቶች መውደድ ሲጀምር፣ የእነርሱን መሻት የራሱ ሲያደርገው ነው። ያን ጊዜ መሥራት ይጀምራል፤ እስከ መቃብራቸውም አብሮአቸው ይሄዳል።

ስለ ሰብለ ወንጌል ሲነሣ ሂሱ ከሁሉ ይልቅ ይደክማል። «የተጨቆነች ሴት ምሳሌ» ከማለት አልፎ የሚሄድ ጥቂት ነው። ይህች ሴት ዕድሜዋን ሙሉ በአባቷ አጥር ውስጥ ስትኖር ማን ይገባታል እንጂ ማንን ትሻለች ተብሎ አልተጠየቀም። በመጨረሻ ግን በመጽሐፉ ውስጥ ከማንም ይልቅ ደፋሩን ተግባር የምትፈጽመው እርሷ ናት፤ ፀጉሯንና ጌጧን ትታ፣ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ በእግሯ ከቤቷ ትወጣለች። ደራሲው ይህን ልብስ የመረጡት ለመደበቂያ ስለሚመች ብቻ ነው ብሎ ማመን ይከብዳል። የመነኩሴ ልብስ ምኞቱን የገደለ ሰው ምልክት ነው። ሰብለ ግን ከምኞት ሁሉ የበረታውን ምኞቷን በእርሱ ሸፍና ወደ በዛብህ ትሄዳለች። አንድ አገር የሴትን መሻት በራሱ ልብስ እንዳይታይ ሲከለክል፣ መሻት የክልከላውን ልብስ ተውሶ መንገድ ይወጣል። የመጀመሪያው ጎራ ሐያሲ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ በፍጥነት ገጽ ይገልጣል።

ነገሩ ከሐዲስ ዓለማየሁም በፊት የነበረ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚታወቀው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ፣ ዛሬ «ጦቢያ» የሚባለው፣ በ1900 ዓ.ም. በሮም ታተመ። በዚያም ታሪክ አንዲት ልጅ በወንድ ልብስ ተሸሽጋ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፤ አንድ አረመኔ ንጉሥም ሴት መሆኗን ካወቀ በኋላ ይወድዳታል። እርሷን ለማግባት ሲል ክርስትናን ይቀበላል፤ ሕዝቡም ይከተለዋል። ይህን ታሪክ የእምነት ድል አድርገው ያስተማሩ ብዙዎች ናቸው። ድሉ ግን በስብከት አልመጣም፤ በጦርም አልመጣም። ንጉሡን ከሃይማኖቱ ያስወጣው ትምህርት ሳይሆን ውበት ነው። አፈወርቅ ይህን ሳይሸሽጉ ጽፈውታል፤ የሸሸጉት ከእርሳቸው በኋላ የመጡ አስተማሪዎች ናቸው።

ከአገር ውጭ ያለውን ክርክር በዝርዝር ማንሣት አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ግን ሊታለፍ አይገባም። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርትራንድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1950 በሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶት በስቶክሆልም ባደረገው ንግግር የሰው ተግባር ሁሉ ከምኞት እንደሚመነጭ፣ ግዴታውን የሚፈጽም ሰውም ግዴታን ለመፈጸም ስለ ሻ እንደሚፈጽም ተከራክሯል። ለዕለት ኑሮ ከሚያስፈልገው በላይ ሰውን የሚነዱ አራት ታላላቅ የፖለቲካ ምኞቶችንም ቆጥሯል፤ የማግበስበስ፣ የፉክክር፣ የከንቱ ውዳሴና የሥልጣን ምኞቶች ናቸው። ፊታውራሪ መሸሻ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ቢያንስ ከሦስቱ ሥር ይገኛሉ። ራስል ግን የሚናገረው ስለ ፖለቲካ ነበርና ውድነሽ በጣሙን የሚያስቀምጥበት ቦታ በዝርዝሩ የለም። ልጄ ይኑርልኝ ማለት ማግበስበስ አይደለም፣ ፉክክርም አይደለም። ምኞትን የሰው ሞተር ነው ብለው የተነሡ ጸሐፊዎች እንኳ ምኞትን ከስግብግብነት ጎን እያሰለፉ ማየት ይቀናቸዋል፤ በዚህ ረገድ የጎጃሙ ደራሲ ከእንግሊዙ ፈላስፋ ሰፍተው አይተዋል።

ምኞትን የፈጣሪ ሥራ አድርጎ የማየት አሳብ ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። በዘርአ ያዕቆብ ስም በሚታወቀው «ሐተታ» ውስጥ ምንኩስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለው ትምህርት ከፈጣሪ ሥርዓት ጋር የሚጋጭ ነው ተብሎ ተነቅፏል። የመጽሐፉ ደራሲነት ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጥርጣሬውን ካነሣ ወዲህ ሲያከራክር ቆይቷል፤ ክርክሩ ለታሪክ ሊቃውንት ይቆይ። ማንም ይጻፈው፣ አሳቡ በግዕዝ ተጽፎ ይገኛል። ቢሆንም ምኞትን መመርመር ለባህሉ ባዕድ ነው ብሎ የሚከራከር ሐያሲ ዛሬም አልጠፋም።

ሌላው የሚነሣው ስጋት የሥነ ምግባር ነው። ሁሉም ከምኞት የሚነሣ ከሆነ ሌባውም ሰማዕቱም እኩል ሆኑ ማለት አይደለምን? አይደለም። ምንጭን ማወቅ ወንዙን ማመስገን አይደለም። በበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»፣ በ1962 ዓ.ም. በወጣው ልብ ወለድ፣ አበራ ወርቁ ሠዓሊ መሆን ይሻል፤ ታላቅ ወንድሙ አባተ ደግሞ አበራ በመንግሥት ሥራው ጸንቶ፣ ትዳር ይዞ፣ የተከበረ ሰው እንዲሆን ይሻል። አንባቢ ለአንዱ ሲያዝን ሌላውን መንቀፍ ይችላል፤ ሁለቱንም መንቀፍ ይችላል። ሊፈርድ የሚችለው ግን እያንዳንዱ ምን እንደ ሻና ለሻው ነገር ማንን ሊያስከፍል እንደ ተዘጋጀ ሲያውቅ ነው። አባተ በራሱ ዓይን ክፉ ሰው አይደለም፤ የወንድሙን መልካም ነው የሚመኘው። የሰው ምኞት በሌላ ሰው ምኞት ላይ ሲጫን ብዙ ጊዜ «ለአንተው ብዬ ነው» የሚል ቃል ይዞ ይመጣል። ይህን የሚያሳይ ድርሰት ከመቶ ስብከት ይልቅ አንባቢን ያስጠነቅቃል፤ ምኞትን ከመጀመሪያው ያወገዘ ድርሰት ግን ይህን ሊያሳይ አይችልም።

የሚወክል እንጂ የማይሻ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚመስል ለማወቅ የአብዮቱን ዘመን መድረክ ማስታወስ ይበቃል። ሆዱን በትራስ ያሳበጠ ባለ ርስት ይወጣል፤ ይሳደባል፣ ይጠጣል፣ በመጨረሻው ገቢር ይወድቃል። ወዝ አደሩ እጁን ጨብጦ ያነሣል፤ መፈክር ይሰማል፤ መጋረጃ ይዘጋል። ተመልካቹ ያጨበጭባል፤ ቤቱ ሲገባ ግን የወዝ አደሩን ስም አያስታውስም። እንዴት ያስታውስ? ያ ሰው ድልን እንጂ ምንም ነገር አልሻም ነበር፤ ድሉን ደግሞ መጋረጃው ሳይከፈት አግኝቶታል። በልቡ ሚስቱን የሚፈራ፣ የአለቃውን ጫማ የሚመኝ፣ የእናቱን መንደር የሚናፍቅ ወዝ አደር ቢያወጡ ኖሮ አብዮቱ በዚያ ሰው ላይ ምን እንደ ሠራ ይታይ ነበር። ከእነዚያ ጸሐፊዎች መካከል ችሎታ የነበራቸው ብዙዎች ናቸው። ያነሣቸው ችሎታ ማጣት አልነበረም፤ ሰው የግል መሻት ይዞ መድረክ ላይ ከወጣ የዓላማ ክብደት ይቀንሳል የሚለው ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ የተገመደው ደግሞ ከሁለቱ ጎራዎች ትምህርት ነው።

በዚያ ዘመን ይህን ፍርሃት የጣሰው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ በ1975 ዓ.ም. ታተመ። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለዘመቻው ቅስቀሳ ወደ አስመራ ይላካል፤ አዲስ አበባ ላይ እጮኛውን ሮማንን ትቷል፣ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ያፈቅራል። ሥራው የመንግሥትን መሻት የሕዝብ መሻት አድርጎ ማቅረብ ነው። ይህን ሥራ የተሸከመው ሰው በራሱ ልብ ውስጥ ያልታዘዘ፣ በዕቅድ ያልተያዘ፣ ምናልባትም ከጠላት ወገን የሚያገናኘው መሻት ያገኛል። በዓሉ ጸጋዬን አልገሠጸውም፤ አላመሰገነውምም። የባለ ሥልጣኖቹንም ልብ በዚያው ዓይን ተመለከተ፤ ከመፈክሩ ጀርባ የማዕረግ ጉጉት፣ ፉክክርና የመታየት ጥም እንዳለ አሳየ። የዘመቻው ቋንቋ «ዓላማ» ይለው የነበረውን ነገር ሲገልጠው የሰዎች ምኞት ሆኖ ተገኘ።

መጽሐፉ ከታተመ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተነሣ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ሳይመለስ ቀረ። በይፋ የተነገረ የሂስ ክርክር አልነበረም፤ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ታሪኩ አወቃቀር ወይም ስለ ገጸ ባሕርያቱ አሣሣል ማንም አልተሟገተም። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ለኅትመት የሰጠው ፈቃድ የሌሎችን ፈቃድ ሊያረካ አልቻለም፤ ነገሩ የተፈታው በዚያ ነው። ቅጂው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተዘዋወረ፣ ሽፋኑ በጋዜጣ እየተጠቀለለ መነበቡን ቀጠለ። ያነበቡት ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው እርስ በርሳቸው የተጠያየቁት ጸጋዬ ማንን ይወክላል ብለው አልነበረም። ፊያሜታ ከልቧ ወድዳው ነበር ወይ ብለው ነው።